ቁጭ ያለው ተከላካይ

ቦንጋ መጥታችሁ ስለ እኔ ብትጠይቁ፣ የምትጠይቁት ሰው መጀመሪያ «የትኛው ሚንሃጅ? ኳስ ተጫዋቹ?» ይላችኋል። ቀጥሎ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ከየት እንደመጣ ሌላ ሰው አጋንኖ ሳይነግራችሁ እኔው ራሴ ልንገራችሁ። በእርግጥ ሊጋነን የሚችል ነገር አልተረፈም።

አባቴ አብዱልሃኪም ከስልጤ መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተው እኔ ሳልወለድ ነው። ሚስማር፣ ቀለም፣ ገመድ፣ የቆርቆሮ ክዳን ይሸጣል። እኔ ከእኩዮቼ ሁሉ ቀድሜ ረዘምኩ። ሰው ሁሉ ቁመቴን እያየ «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ይሆናል» ይል ነበር፤ ምን እንደምሆን ግን የገመተ አልነበረም። አባቴ ከላይኛው መደርደሪያ ቀለም የሚያወርድለት ሰው በማግኘቱ ብቻ ረክቶ ነበር።

ወደ ኳስ ያስገባኝ የስፖርት መምህራችን ጋሽ እንዳለ ነው። ቁመቴን አይቶ ጓጓ፣ ጓጉቶም ተሞኘ። አጥቂ አደረገኝ፤ ኳሷን ከጎሉ ይልቅ ወደ ጫካው ሰደድኳት፣ ጨዋታውም ፍለጋ ሆነ። በረኛ አደረገኝ፤ ኳስ ስትመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። በመጨረሻ ክንዴን ይዞ ከጎላችን ፊት አቆመኝና፣

«እዚህ ቁም» አለኝ።

«ቆሜስ?»

«ሰው ሲመጣ መንገዱ ላይ ሁንበት።»

ሙያዬ ይኸው ነው። እንጀራ የበላሁት ሰው መንገድ ላይ በመሆን ነው።

እንዲያም ሆኖ ከትምህርት ቤት ቡድን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ከተማችን ቡድን አደግሁ። እንዴት እንዳደግሁ ለማወቅ ሜዳችንን ማወቅ ያስፈልጋል። ቦንጋ ዝናብ ሲጀምር የሚያቆመው ሲሰለቸው ነው። ሜዳው ቀይ ጭቃ ነው፤ ከሞቃት አገር የመጣ አጥቂ ከአውቶቡስ ወርዶ ሲያየው ፊቱ ይለወጣል። እኔ እዚያ ጭቃ ላይ ያደግሁ ስለሆንኩ አልወድቅም። አልሮጥማ! ሌላው እየሮጠ መጥቶ ይንሸራተታል፣ እኔ ኳሷን አንስቼ እጠልዛለሁ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል።

አንድ ቀን ሰብሃት የሚባል ሰው ከምሥራቅ መጣ። የአንድ ትልቅ ክለብ ምክትል አሰልጣኝ ነው። የመጣው እኔን ሊያይ ሳይሆን የእንግዳውን ቡድን አጥቂ ሊያይ ነው፤ ስለዚያ ልጅ ፍጥነት ብዙ ወሬ ሰምቷል። ዝናቡ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ ዋለ። ያ ፈጣን ልጅ እኔ ጋ በደረሰ ቁጥር እግሩ እየከዳው በጀርባው ይዘረጋል። አንዴ እንዲያውም እስከ ማዕዘኑ ባንዲራ ድረስ ተንሸራቶ ሄደ። ጨዋታው ሲያልቅ ሰብሃት ጃንጥላውን እንደዘረጋ ወደ እኔ መጣ።

«ደጋግመህ ጣልከው፤ አንዴም ሳትነካው!» አለኝ፣ ዓይኑ በርቶ። «እንደዚህ አቋቋም የሚያውቅ ተከላካይ ካየሁ ቆየሁ።»

ጭቃው ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ሰውዬው ግን እጄን ይዞ ይወዘውዛል፤ ጭቃውን ማስፈረም ደግሞ አይቻልም።

ለአባቴ ስነግረው፣

«ለስንት ዓመት ነው?» አለ።

«ለሁለት።»

«ታዲያ ቀለሙን ማን ያወርድልኛል?»

ምርቃቱ ይህ ነበር። እኔም እንደ ምርቃት ተቀብዬ ሄድኩ።

እዚያ አገር ፀሐዩ ጭንቅላት ይሰነጥቃል። ሜዳው ደረቅ ነው፣ ሣሩ ተስተካክሎ የታጨደ ነው፣ ማንም አይንሸራተትም። በመጀመሪያው ልምምድ አጥቂዎቻችን በግራዬም በቀኜም እያለፉኝ ሲሄዱ ሰብሃት ሰማዩን ቀና ብሎ አየ፤ ዝናብ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ያን የውድድር ዘመን አብዛኛውን ተቀያሪ ወንበር ላይ አሳለፍኩ። መቀመጥ የለመድኩት እዚያ ነው ብላችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ የቡድን ጓደኞቼ ቀድመዋችኋል።

ከዚያ አንዱ ተከላካያችን ካርድ ተቆጥሮበት ታገደ፣ ሌላው በወባ ተኛ። ሰብሃት ወደ እኔ መጥቶ በለሆሳስ «ነገ ትጀምራለህ» አለኝ። ጨዋታው ከዋና ከተማው ትልቅ ክለብ ጋር ነው፣ በቴሌቪዥንም በቀጥታ ይተላለፋል። ለአባቴ ደወልኩ። ኳስ አይቶ የማያውቀው አባቴ ቴሌቪዥኑን ከቤት አስመጥቶ ሱቁ ውስጥ የቀለም ጣሳ ላይ አቆመው፤ ደንበኛውን ሁሉ ጠራ። ማዶ ሱቅ ያላቸው እትዬ ዙፋን ሳይቀሩ ወንበራቸውን ይዘው መጡ።

የዚያኛው ክለብ አጥቂ ፍቃዱ ይባላል። አጭር ነው፤ ደረቴ ድረስ ቢደርስ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ልቤ ቦታውን ያዘ፤ አንዴ በቴስታ አወጣሁ፣ አንዴም ኳሷ ራሷ መጥታ መታችኝና ወጣች። ከዕረፍት በኋላ ፍቃዱ ኳሷን ይዞ ፊት ለፊቴ መጣ። ተወርውሬ ሄድኩበት። ኳሷን ወደ ግራ ነካ አደረጋት፣ እኔም ወደ ግራ፤ መለሳት፣ ልመለስ ስል እግሮቼ እርስ በርስ ተጠላለፉና ቁጭ አልኩ። መውደቅ ቢሆን ደግ ነበር። ሰው ሣር ላይ ምሳ ሊበላ እንደሚቀመጠው፣ እግሬን ዘርግቼ፣ እጄን ከኋላዬ ተደግፌ ነው ቁጭ ያልኩት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ። ፍጥነቱን ተጠቅሞ አልፎኝ ሄዶ ነበር፤ ሌላ ተከላካይ ሲመጣበት ግን ዞሮ ወደ እኔ ተመለሰ። እኔም በዚያው ቅጽበት ብድግ እያልኩ ነበር። እንደገና አስቀመጠኝ። ከዚያ ጎል አገባ።

የጨዋታው ዘጋቢ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ተከላካዩ አረፍ ብሏል» አለ።

ያቺ ቁራጭ ቪዲዮ ገና ልብሴን ሳልቀይር ቲክቶክ ላይ ወጣች። አንዱ የሠርግ ዘፈን አደረገባት፣ ሌላው ከስሬ የሥዕል ወንበር አኖረልኝ። ሱቃችን ውስጥ የሆነውን ግን የነገረችኝ እህቴ ሀኪማ ናት። ሁለተኛ ስቀመጥ አባቴ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቀለና «መብራት ሄደ» አለ። ከአናቱ ላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል።

«ኧረ አምፖሉ አለ፣ ጋሽ አብዱልሃኪም» አሉ እትዬ ዙፋን፣ በትሕትና።

«የእሱ መስመር ሌላ ነው» አለ አባቴ።

ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። አመሻሹ ላይ ስልክ ደወለልኝ። ስለ ጨዋታው ያነሳል ብዬ ስጠብቅ «በልተሃል?» አለኝ። አልበላሁም ነበር፤ «በልቻለሁ አባ» አልኩት። «ደህና» ብሎ ዘጋው።

የውድድር ዘመኑ አልቆ ለዕረፍት ቦንጋ ስገባ፣ በአማርኛ «ቁጭ በል» ሳይባል የሚገባበት ቤት እንደሌለ ያወቅሁት ያኔ ነው። መታወቂያ ላሳድስ ቢሮ ብገባ ባለሙያዋ ወንበር እየሳበች «ቁጭ በል» ትላለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ትነክሳለች። ባጃጅ ስገባ ሹፌሩ በመስታወቱ ያየኛል። ከሁሉ የከፋው ለቅሶ ቤት ነበር። የሠፈራችን ሰው ሞተው ድንኳን ገባሁ፤ አንዱ አዛውንት ምንም ሳያስቡ «ና ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ወጣቶቹ የተቀመጡበት ረድፍ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲል ይባስ ብሎ አፈነዳው። ባለቤቲቱን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው «ተወው ልጄ። እሱም ቢኖር ይስቅ ነበር፤ ሲታመም እንኳ ያንተን ቪዲዮ አሳዩኝ ይል ነበር» አሉኝ። እንግዲህ ሕመምተኛም አጽናንቻለሁ።

ፋኢዛን ያገኘኋትም በዚያ ሰሞን ነው። ከጅማ መጥታ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ለጉልበቴ የሚቀባ መድኃኒት ልገዛ ገባሁ።

«ጉልበትህን ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ።

«ኳስ ተጫዋች ነኝ።»

ቀና አለችና ትኩር ብላ አየችኝ። «ቆመህ ስላየሁህ ነው ያላወቅሁህ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለጉልበቴም ላልታመመውም እጄ፣ ለራስ ምታትም መድኃኒት ስገዛ ከረምኩ። በመጨረሻ ራሷ «ጤነኛ ነህ፤ ከፈለግህ ያለ ሐኪም ትእዛዝም መምጣት ትችላለህ» አለችኝ።

ክለቡ ያላባረረኝ ውሌ ስላላለቀ ነው። እኔ ደግሞ ያቺን ቪዲዮ ከማንም በላይ አየኋት። መጀመሪያ ራሴን ለማሰቃየት ነበር። እያደር ግን አንድ ነገር ታየኝ፦ ፍቃዱ ኳሷን አያይም፤ ጉልበቴን ነው የሚያየው። ጉልበቴ ወደ አንድ ወገን እስኪታጠፍ ይጠብቅና በሌላው ይሄዳል። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ እኔን ከመጠበቅ በቀር ብዙ አልሠራም።

በሁለተኛው ዓመት እንደገና ተገናኘን። ዋናው አሰልጣኝ ሊያሳርፈኝ ሲያስብ ሰብሃት ተከራከረልኝ፤ ለእኔ ብሎ ይሁን ለራሱ ክብር አላውቅም። ፍቃዱ መጣ። አልሄድኩበትም። ኳሷን ነካ ነካ አደረገ፤ ዝም ብዬ አየሁት። ወደ ግራ ወሰዳት፣ ከጎን ከጎኑ ሄድኩ። ሕዝቡ ጎሉን ረስቶ መቀመጤን ይጠብቃል። ያን ቀን እስከ ማብቂያው ድረስ አላለፈኝም፤ ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ። ስንወጣ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«ዛሬ ምነው? ወንበሩ አልተመቸህም?»

ሁለታችንም ሳቅን። ስልክ ተለዋወጥን። እናቱ ቪዲዮዋን ባዩ ቁጥር «ያ የወደቀው ልጅ ደህና ነው?» እያሉ እንደሚጠይቁት ነገረኝ። ደህና መሆኔን ንገርልኝ አልኩት። ማታ ስልኬን ከፍቼ የዚያን ቀን ጨዋታ ቪዲዮ ፈለግሁ። ማንም አልቀረጸም።

ከዚያ ወዲያ የተጫወትኩባቸውን ዓመታት ባሳጥርላችሁ አትጎዱም። ክለብ ቀየርኩ፤ በቀየርኩ ቁጥር አንድ ደረጃ ዝቅ እያልኩ። ብዙ ጊዜ ቋሚ ነበርኩ፤ ሰው መንገድ ላይ መሆንም እየተካንኩ መጣሁ። አንድም ቀን ቀይ ካርድ አላየሁም። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፤ ለቀይ ካርድ መጀመሪያ አጥቂው ላይ መድረስ ያስፈልጋል። ጉልበቴ ግን ውሎ አድሮ መጮህ ጀመረ። ፋኢዛ ድምፁን ሰምታ «ይሄ በቅባት አይሆንም» ብትለኝም፣ ለአንድ ዓመት ብቻ እያልኩ ቀጠልኩ።

ሠርጋችን በዕረፍት ጊዜ ቦንጋ ሆነ። ፍቃዱን ጠራሁት፤ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። ከጅማ በሚኒባስ፣ በኮረኮንቹም በጭቃውም መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሙሽራውን ያየ ሰው ጠፋ። እዚያው አቅራቢያ ካለው ከማንኪራ ገጠር ዘመዶቻችን ያመጡት ማር ሳይቀር ለእሱ ተሰጠ። የፋኢዛ አጎት እኔ ጋ መጥቶ ስልኩን ሰጠኝና «እስቲ ከፍቃዱ ጋር ፎቶ አንሳኝ» አለኝ። በራሴ ሠርግ፣ ሱፌን ለብሼ፣ አነሳሁት። «ፍላሽ አልበራም፣ ድገመው» አለኝ። ደገምኩት።

የከተማው ልጆች ታዲያ በዚህ አልበቃቸውም። ፍቃዱ ሳይሄድ በማግስቱ የወዳጅነት ጨዋታ አዘጋጁ፤ እሱ ባንዱ ቡድን፣ እኔ በሌላው። ፋኢዛ የእጇ ሂና ሳይደበዝዝ ጎኔ ቆማ «ተው፣ ጉልበትህ» ትለኛለች።

«ጥቂት ደቂቃ ብቻ» አልኳት። እንግዳ ማሳፈር አልፈለግሁም። እውነቱን ልናገርና፣ በገዛ ሜዳዬ አንዴ እንኳ ቆሜ መታየት አምሮኝ ነበር።

የሜዳው ዙሪያ በሰው ተሞልቷል። ቢሮዎቹ ባዶ የቀሩ ይመስለኛል፤ ያቺ መታወቂያ የሰጠችኝ ባለሙያም አለች። ፍቃዱ ኳሷን ሲይዝ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ቁጭ! ቁጭ! ቁጭ!» አለ። ፍቃዱ ተጠግቶኝ ቀስ ብሎ፣

«ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ሥራህን ሥራ። እኔም የእኔን እሠራለሁ» አልኩት።

ወደ ግራ ነካት፤ ቆምኩ። መለሳት፤ ቆምኩ። እግሩን በኳሷ ላይ አዙሮ አታለለኝ፤ አሁንም ቆምኩ። ሕዝቡ «ኧረ!» እያለ ተከፋ። ደስ አለኝ። ፍቃዱ ተስፋ ቆርጦ ኳሷን ገፋ አድርጎ ሲሮጥ፣ ልከተለው ዞር አልኩና ጉልበቴ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ቁጭ አልኩ። እግሬን ዘርግቼ፣ እጄን ከኋላዬ ተደግፌ።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። እርዱኝ ብዬ እጄን አነሳሁ፤ ሰላምታ መስሏቸው አጨበጨቡ። ሰው እየዘለለ እርስ በርሱ ይተቃቀፋል። ፍቃዱ ጎሉ ፊት ደርሶ ዞር አለ። ፊቴን አየ፤ ኳሷን ጥሏት እየሮጠ ተመለሰ። «ዝም በሉ! ተጎድቷል!» ብሎ ሲጮህ ይህም የትያትሩ ክፍል መስሏቸው ባሰባቸው። ሳይነግሯት የገባት ፋኢዛ ብቻ ናት። የሠርግ ማግስት ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃውን እያቋረጠች መጣች። ያኔ ነው ሳቁ ከአንድ ጥግ ጀምሮ እየሞተ የሄደው።

ባጃጅ አስመጡ። እግሬ ስላልታጠፈ በጎን በኩል ወደ ውጭ ተዘርግቶ ቀረ፤ ፋኢዛ ጭንቅላቴን፣ ፍቃዱ እግሬን ይዘውልኛል። ሹፌሩ ደንግጦ ዞር አለና «ሚንሃጅ፣ በደንብ ቁጭ በል» አለኝ፤ ያለው ሲገባው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሳቄ መጣ። በሕመሙ መሐል እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ፋኢዛም አብራኝ ሳቀች። ፍቃዱ ግን ያለቅስ ነበር።

አዲስ አበባ ወስደው ቀዶ ጥገና አደረጉልኝ። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ «መራመድ ትራመዳለህ፣ ኳስ ግን በቃ» አለኝ። ፍቃዱ በየጊዜው እየደወለ ራሱን ይወቅሳል። «አልነካኸኝም እኮ» እለዋለሁ፤ አይሰማኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሆስፒታል መጣ። ወንበር ስቦ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ ብርቱካን ሲልጥ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«ያን ቀን፣ መብራት ሄደ ያልኩ ቀን» አለ፤ «መብራት አልሄደም ነበር።»

«እውነት?» አልኩት፣ የቻልኩትን ያህል ተገርሜ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሰው አፉን ከፍቶ ሲያይህ አልቻልኩም።» ብርቱካኑን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቅ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ የከተማችን ወጣት ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ነኝ፤ ተከላካዮቹ የእኔ ናቸው። ከእነሱ መሐል ኤሊ የሚባል ረጅም ልጅ አለ፤ ዝግታው ስሙ ላይ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ሄደን ተጫወትን። አንድ ለዜሮ እየመራን ሳለ ኤሊ አቋቋሙ አላምር አለኝ። ጮህኩ፤ አልሰማኝም። እግሬ ራሱ ወሰደኝና ሜዳ ውስጥ ገብቼ ትከሻውን ይዤ መቆም ያለበት ቦታ ላይ አቆምኩት። ጨዋታው እየተካሄደ ነው። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ መጣና «አንተ ደግሞ ማነህ?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ቀይ ካርድ አነሳብኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ ፈገግ ስል ያፌዝኩበት መስሎት ይበልጥ ተቆጣ።

ከአጥሩ ውጭ አስወጡኝ። ሰው ከፊቴ ተደርድሮ ስለነበር የእኛ ጎል በዚያ ቁመቴም አይታየኝም። ከተከመረ ግንድ ላይ የወጣ አንድ ሰውዬ ሸንኮራ እየበላ ያያል።

«ወንድሜ፣ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም።»

ጥቂት ቆየሁና «አሁንስ?» አልኩ።

«ምንም የለም። ኳስ ይመጣል፣ ያ ረጅሙ ያወጣል። ይመጣል፣ ያወጣል።» ተፋና ራሱን ነቀነቀ። «ደስ አይልም።»

«እስቲ አሁንም እይልኝ።»

«ምንም አልኩህ እኮ!»

ዝናቡ ጀመረ፤ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ደጋግሜ ጠየቅሁት፣ ደጋግሞ ያንኑ መለሰልኝ። በኋላ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ሸንኮራውን በጉልበቱ ሰብሮ ግማሹን ወደ ታች አቀበለኝ።

«እንካ፣ ይህን ብላ» አለኝ። «ከዚህ ጨዋታ ምንም አላመለጠህም።»